ቦርጭና ቢሮ፦ ጅማ ላይ ተቀምጦ ለሚውል ሠራተኛ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ መመሪያ

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 11፡30 ወንበር ላይ ነኝ። ቤቴ ከቢሮዬ በእግር ሃያ ደቂቃ ብቻ ቢርቅም ለዓመታት በባጃጅ ስመላለስ ኖሬአለሁ። አርባ ዓመት ሲሞላኝ ቀበቶዬ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሶ ነበር። ደረጃ ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም እልና ስልክ የማይ መስዬ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። አንድ ጊዜ ጂም ተመዝግቤ የሦስት ወር ከፈልኩና ዘጠኝ ቀን ሄድኩ። ጥፋቱ የጂሙ አልነበረም፤ ቀኔ እንግዳ ነገር የሚያስገባ ቀዳዳ አልነበረውም።

ስለዚህ እዚህ የጻፍኩት በሙሉ በቀናችን ውስጥ ቀድሞውኑ ባሉ ነገሮች ላይ ያረፈ ነው፤ በምንሄድበት መንገድ፣ በምንጠጣው ቡና፣ በምንቆርሰው እንጀራና በወጡ ዘይት ላይ። ተራ በተራ ይያዟቸው። በአንድ ሰኞ ሁሉንም የጀመረ ሰው ሐሙስ ላይ ሲተው አይቻለሁ፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

1. መጀመሪያ ሦስት ነገር ይለኩ

ወገብዎን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። ጠዋት፣ ምንም ሳይበሉ፣ ሆድ ሳይጎትቱ፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል ያዙሩት። ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድል መጨመር ይጀምራል። ሚዛን ባይኖርዎ አይጨነቁ፤ ቦርጭን በተመለከተ ሜትሩ ከሚዛን የተሻለ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ደም ግፊትዎን በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ይለኩ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲራመዱ ደረትዎን የሚያስጨንቅ ሕመም ካለ፣ ይህን መመሪያ ያስቀምጡና ሐኪም ያነጋግሩ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንዲሁ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ቤት ውስጥ አዲስ የዘይት ጀሪካን የተከፈተ ቀን፣ ጀሪካኑ ላይ በእስክሪብቶ ቀኑን ይጻፉ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

2. የጠዋቱን ባጃጅ ይተዉት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ምክር አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይላል። ቁጥሩ ሲሰማ ያስፈራል፤ ለሥራ ቀናት ሲካፈል ግን በቀን 30 ደቂቃ ነው። ከቤት ቢሮ 15 ደቂቃ ሄዶ 15 ደቂቃ የተመለሰ ሰው ጨርሷል። ጅማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም አብዛኞቻችን ከቢሯችን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ እንኖራለን። ቤትዎ የሚርቅ ከሆነ ባጃጁን የመጨረሻው 15 ደቂቃ ሲቀር ያስቁሙት።

አረማመዱ የቀብር አረማመድ መሆን የለበትም። መለኪያው ቀላል ነው፤ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ማውራት ይችላሉ፣ መዝፈን ግን አይችሉም። በደቂቃ መቶ እርምጃ ገደማ ማለት ነው። አንድ ቀን ሰዓት ይዘው ይቁጠሩት፤ ብዙ ጊዜ እየፈጠንን የሚመስለን ጊዜ ሰማንያ ላይ ነን።

ጠዋት የምልበት ምክንያት ዝናቡ ነው። የእኛ ዝናብ እንደ ሰሜኑ ሁለት ወር ዘንቦ የሚሄድ አይደለም፤ መጋቢት ላይ ጀምሮ መስከረምን ያልፋል። ብዙ ጊዜ የሚወርደው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት የተራመደ ሰው ማታ ዝናብ ቢይዘውና ባጃጅ ቢሳፈር የቀኑን ግማሽ አግኝቷል።

ጫማን በተመለከተ ከራሴ ስሕተት ልንገርዎ። የመጀመሪያውን ሳምንት በቢሮ ጫማዬ ተራመድኩ። ረቡዕ ላይ ተረከዜ ተላጠ፤ ሐሙስ ላይ የአወቱ ወንዝ ድልድይን ከተሻገርኩ በኋላ ጭቃ ውስጥ ገባሁና አለቃዬ ፊት ባለ ሁለት ቀለም ሱሪ ለብሼ ቆምኩ። አሁን የቢሮ ጫማዬ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ያድራል፤ ከአሮጌ ፎጣና ከአንድ ጥንድ ካልሲ ጋር። ይህች መሳቢያ ከማንኛውም የስፖርት ዕቃ በላይ ጠቅማኛለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ጠዋት አቅም ሲገኝ ወደ ጅሬን ይውጡ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ከከተማው መሐል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ዳገቱ ልብን በደንብ ያሠራል። ሙሉውን በመጀመሪያ ቀን አይሞክሩት። እስከሚችሉበት በእግር ይውጡ፤ ቁልቁለቱን ግን በባጃጅ ይመለሱ። ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በባጃጅ ወጥቶ በእግር ይወርዳል። ላልለመደ ጉልበት ቁልቁለት ከዳገት ይከብዳል፤ ለልብ ደግሞ የሚጠቅመው መውጣቱ ነው።

3. ቡናውን ይጠጡ፣ ስኳሩን ይቀንሱ

ጅማ ተቀምጦ ቡና ተዉ የሚል መመሪያ የሚሰማው የለም፤ መተውም አያስፈልግም። ያለ ስኳር የተጠጣ ቡና ቦርጭ አያመጣም። ጉዳቱ ያለው ስኒው ሥር ነው።

ከቢሯችን በር ላይ ቡና የምታፈላ ወጣት አለች። አንድ ቀን ቆሜ አየኋት፦ ስኒዎቹን ትደረድራለች፤ ቡናው ከመቀዳቱ በፊት በየስኒው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ያውም የተቆለለ፣ ስኳር ትጨምራለች። ማንም አይጠይቃትም፤ ማንም አይከለክላትም። ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር እንኳ 4 ግራም ገደማ ነው። በቀን አራት ስኒ የሚጠጣ ሰው ከቡና ብቻ ቢያንስ 32 ግራም ስኳር ይወስዳል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም እንዲያንስ ነው። አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ከታከለበት፣ ሌላ 30 ግራም ገደማ ተጨመረ።

በነጋታው «ለእኔ ያለ ስኳር» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ስኳር ተወደደ ብለው ነው?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። ቡናው መረረኝ፤ ጨረስኩት፤ በማግሥቱ ወደ ሁለት ማንኪያዬ ተመለስኩ። በኋላ የሠራልኝ መንገድ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተኩል፣ በሁለተኛው አንድ፣ ከዚያ ግማሽ። ወር ሲሞላ ምላስ ይለምዳል። አሁን በሁለት ማንኪያ የተሠራ ቡና ሲሰጡኝ ሽሮፕ ይመስለኛል። ቤት ውስጥ ሲሆን ጤና አዳም ጣል ማድረግ የስኳሩን ጉድለት ያስረሳል።

የቡና ቁርሱንም አይርሱት። አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ሽምብራ ጥሩ ነው። ዘይት ጠጥቶ የመጣ ቦምቦሊኖ ወይም ሳምቡሳ ግን ቁርስ ሳይሆን ሌላ ምሳ ነው።

የመጨረሻውን ስኒ ከሰዓት ከ9 ሰዓት በኋላ አያድርጉት። የቡና ንጥረ ነገር ካፌይን ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ በ11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ግማሹ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ገና ደም ውስጥ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግሥቱ የሚፈልገው ጣፋጭና ቅባት ነው። ይህን ከራሴ አውቀዋለሁ።

4. ምሳ፦ ከትሪው ጋር የሚደረግ ድርድር

የምግብ መመሪያዎች ሁሉ «በሰሐንዎ ላይ» ብለው ይጀምራሉ። እኛ ሰሐን የለንም። አራት ሆነን አንድ ትሪ እንከባለን፤ ማን ስንት እንደበላ የሚያውቅ የለም። ጎን ያለው ጓደኛ ጉርሻ ይዞ ይመጣል፤ ጉርሻ አይመለስም፤ አንድ ብቻ ደግሞ ያጣላል። እንዲህ ባለ ገበታ ላይ ሆድ ስለሞላ አይቆምም፤ ትሪው ባዶ ሲሆን ነው የሚቆመው፤ ያኔም አስተናጋጁ ጭማሪ እንጀራ ይዞ ይደርሳል።

ከትሪው ሳይነሡ የሚሠሩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ትእዛዙን እርስዎ ማዘዝ ነው። አራት ሰው ሆናችሁ ሁለት በያይነት፣ አንድ ተጨማሪ ጎመን፣ አንድ ሰላጣ ቢመጣ ማንም አይቃወምም። ጥብስና ዱለት የሚያዝዝ ከቀደመዎ ግን ቀኑ አመለጠዎ።

ሁለተኛው፣ መጀመሪያ ጎመኑን፣ ፎሶሊያውንና ቀይ ሥሩን፣ ቀጥሎ ምስሩንና ክኩን ይብሉ። አትክልትና ጥራጥሬ ቶሎ ያጠግባሉ፤ ጥራጥሬው ደግሞ የሰውነት ገንቢውን ድርሻ ይሸፍናል። በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመከራል፤ ምሳ ላይ ያልተጀመረ ማታ አይሞላም።

ሦስተኛው ጭማሪ እንጀራ ሲመጣ እጅን መታጠብ ነው። «በቃኝ» ማለት ክርክር ያስነሣል፤ ተነሥቶ እጁን ለታጠበ ሰው ግን የሚሞግት የለም።

አራተኛው ያማል። ከወጡ ሥር ያለው፣ ወጥ የጠጣው የመካከሉ እንጀራ፣ የገበታው ሁሉ ጣፋጭ ክፍል ነው። ዘይቱ ሁሉ የተኛውም እዚያው ነው። ከዳር ይብሉ፤ መካከሉን ለሌሎች ይተዉ። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ለራሴ እፈቅዳለሁ፤ ከዚያ በላይ የምጨክን ሰው አይደለሁም።

ከቻሉ በሳምንት ሦስት ቀን ምሳ ዕቃ ይያዙ። የእኔ አንድ እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በወቅቱ ደግሞ ግማሽ አቮካዶ ነው። በእኛ አካባቢ አቮካዶ፣ ሙዝና ፓፓያ በየጉሊቱ እያለ በቢሮ ብስኩት የምንበላበት ምክንያት ፈጽሞ አይገባኝም። ሐሙስ ገበያ ሲወጡ የሳምንቱን መግዛት ይቻላል። አቮካዶውን ግን በማንኪያ ይብሉት፤ ጁስ ቤት ሲገባ ስኳር ይጨመርበታል፣ መጠኑም አይታወቅም።

ሴቶች በተለይ ይህን ልብ ይበሉ፦ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ሰውነት ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ከጤፉና ከጥራጥሬው እንዳይወስድ ያግዳሉ። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት መቆየት ጥሩ ነው። ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ ደግሞ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል።

5. አሁን ወደ ጀሪካኑ

ቀኑን የጻፉበት ጀሪካን ሲያልቅ ሒሳቡን ይሥሩ። እኛ አራት ሰዎች ነን፤ 5 ሊትሩ ልክ በ30 ቀን አለቀ። 5000 ሚሊ ሊትር ለ30 ቀን፣ ከዚያ ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 42 ሚሊ ሊትር ገደማ መጣ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ይህን ለማቃጠል መካከለኛ ክብደት ያለው ሰው ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ አለበት። በቀን ሦስት ማንኪያ፣ ያውም ቅቤውና የምሳ ቤቱ ዘይት ሳይቆጠር። የመንገዱ ላብ በድስቱ እየተመለሰ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ባለቤቴን «ዘይት ቀንሺ» አላልኳትም፤ እንዲህ ያለው ንግግር ሰላም አያመጣም። የሒሳቡን ወረቀት አሳየኋት። ከጀሪካኑ ወደ ድስቱ በቀጥታ ማፍሰስ ቀረ፤ በማንኪያ ሆነ። ዘዴው እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፦ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ በዝግታ ይቁላላል፤ ሲደርቅ ጥቂት ጥቂት ውሃ ጠብ ይደረግለታል፤ በደንብ ከላላ በኋላ ብቻ ዘይቱ ይገባል። ለአራት ሰው ድስት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ወጡ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ጣዕም አይጎድለውም። ቀጣዩ ጀሪካን 46 ቀን ቆየ።

የሚረጋውን የፓልም ዘይት ማስቀረት ከተቻለ ይቅር፤ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ለልብ ይሻላል። ዋጋው ግን ልዩነት አለው፤ መጠኑ ሲቀንስ ግን የዋጋው ልዩነትም ይጠባል። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን፤ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ቀድሞ የገባውን ጨምሮ።

6. ወንበሩ

በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ይነሡ። የውሃ ጠርሙስዎን ትንሽ ያድርጉት፤ ቶሎ ሲያልቅ ያስነሣዎታል። ስልክ ሲደወል ቆመው ያነጋግሩ፤ ደብዳቤውን በተላላኪ ከመላክ ራስዎ ወደላይኛው ፎቅ ያድርሱት። ዓርብ ደግሞ ስጦታ አለ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ለጁምዓ የሚሄድ ይሄዳል፤ የማይሄድ አርባ ደቂቃ ተራምዶ ተረጋግቶ ምሳውን ይበላል።

7. ጡንቻ፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ

መራመድ ልብን ያጠነክራል፤ ክንድንና ጀርባን ግን አይነካም። እኔ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀርብ፣ ሳሎን ውስጥ እሠራለሁ።

መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ሰውነት ማፍታታት። ከዚያ ከወንበር ላይ እጅ ሳይጠቀሙ መነሣትና መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ። ይህ ሲቀል የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ግድግዳ አስጠግተው በእሱ ይተኩት፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ጭኑ የበለጠ ይሠራል። ያ ሲቀል ያለ ምንም መቀመጫ ቁጭ ብድግ።

ቀጥሎ ፑሽ አፕ፤ ግን መሬት ላይ አይጀምሩ። ግድግዳ በመግፋት ይጀምሩ፤ አሥራ አምስት ጊዜ ሲቀል ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ መሬት ይውረዱ።

ለጀርባ የዘይት ጀሪካኑ ይመለሳል። ባዶውን ውሃ ይሙሉት፤ 5 ሊትር ውሃ 5 ኪሎ ነው። አንድ እጅዎን ወንበር ላይ ደግፈው፣ ከወገብ ጎንበስ ብለው፣ ጀርባ ሳይጎብጥ፣ ጀሪካኑን በሌላኛው እጅ ወደ ጎንዎ ይሳቡ፤ በየእጁ አሥር ጊዜ። በመጨረሻ በክርንና በእግር ጣት ተደግፈው ሰውነትን እንደ ጣውላ ቀጥ አድርገው ሃያ ሰከንድ ይቆዩ። ሁሉንም ሁለት ዙር። ሲሠሩ መተንፈስ አይርሱ፤ ትንፋሽ ይዞ መግፋት ግፊት ይጨምራል።

8. ጾም

የጾም ምግብ ቀላል ነው የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሥጋና ቅቤ ስለሌለ ቤት ውስጥ በዘይት የማካካስ ልማድ አለ፤ የረቡዕና የዓርብ ሽሮ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት አይቶ መፍረድ ይቻላል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው የጠዋቱን መንገድ በዝግታ ይሂድ፤ ጠንከር ያለውን ከበላ በኋላ ባለው ምሽት ያድርገው። በረመዳን ደግሞ ከአፍጥር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ይስማማል፤ ውሃው ቅርብ ነውና። አፍጥሩን በተምርና በውሃ ጀምሮ፣ ሳምቡሳውን በቁጥር ይዞ፣ ወደ ሾርባው ማለፍ ነው።

9. ጫት

ስለ ጅማ ጽፎ ይህን መዝለል ማስመሰል ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ የሚያከሳ ይመስላል። የልብ ምትንና ደም ግፊትን ግን ይጨምራል፤ እንቅልፍ ያሳጣል፤ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ያስቀምጣል፤ ከጎኑም ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይደረደራል። ግፊት ያለበት ሰው ቢተወው ይሻለዋል። የማይተው ሰው ቢያንስ ለስላሳውን በውሃ ይተካ፤ ምሳውን በልቶ ይቀመጥ፤ ቅሞ ወዲያው ዳገት አይሩጥ።

10. ቅደም ተከተሉና ሰኔ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መለካትና የጠዋት መንገድ ብቻ። በሦስተኛው ስኳሩ ይጀምራል። በአምስተኛው ምሳና ዘይት። በሰባተኛው የጀሪካኑ ስፖርት። ወገብዎን በየወሩ አንዴ እንጂ በየቀኑ አይለኩ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው፤ የእኔ ወገብ በስድስት ወር ከ102 ወደ 95 ወርዷል፤ ገና አንድ ሴንቲ ሜትር ይቀረኛል።

ሁሉን የሚያበላሽ አንድ ወር አለ። ሰኔ። በጀት ይዘጋል፤ እስከ ምሽት 3 ሰዓት ቢሮ እናመሻለን፤ ዝናቡ ከጠዋት ይጀምራል፤ እራት ቢሮ ድረስ በፌስታል ይመጣል። ባለፈው ሰኔ ሁሉንም ለመያዝ ሞክሬ ሁሉም አመለጠኝ። ዘንድሮ ሁለት ብቻ እይዛለሁ፦ ስኳር የሌለበትን ቡናና የቢሮውን ደረጃ በእግር መውጣቱን። መንገዱ፣ ጀሪካኑና ምሳ ዕቃው ሐምሌ 1 ይመለሳሉ። መሳቢያዬ ውስጥ ያለውን ፎጣ ግን ከአሁኑ አጥቤ አስገብቻለሁ።